ሰፊ እይታ ያለው ባይኖኩላር ዓይን የሚያደክመው ለምንድን ነው? ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

ይህን የውይይት ክር (ጥያቄውንና በተራ ቁጥር የተሰጡትን መልሶች) የከፈቱት በደብረ ማርቆስ ከተማ የሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ውጭ አገር የሚኖር ወንድማቸው ሰፊ እይታ ያለው ባለ 8 በ42 ባይኖኩላር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ በሁለት ዓይን የሚታይበት የሩቅ ማያ) ልኮላቸው፣ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጡ ሊጠቀሙበት አስበው ነበር። ነገር ግን ዓይናቸውን ባስጠጉ ቁጥር ከዳር በኩል ጥቁር ጥላ መጣ ሄድ እንደሚል፣ ሁለት ክብ ተደራርቦ እንደሚታያቸው፣ ጥቂት ሲቆዩም ከቅንድባቸው በላይ ራስ ምታት እንደሚጀምራቸው ጻፉ። የዓይን መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሲያዩ ደግሞ ይብሳል፤ ያ ሁሉ ስፋት ጠፍቶ በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ይሆንባቸዋል። ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ባለ 10 በ50 ግን እይታው ጠባብ ቢሆንም እንዲህ አድርጎ አስቸግሯቸው አያውቅም። ከዚህ ተነሥተው ሰፊ እይታ የሚባለው ነገር የሻጭ ማባበያ ነው ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ፤ ዕቃውን ይሽጡት ወይስ እሳቸው ያላወቁት አጠቃቀም ይኖር እንደሆነ ጠየቁ።

ክሩ እጅግ ስለ ረዘመ አዲስ መጪ ሁሉን አንብቦ አይዘልቀውም፤ ስለዚህ የሚጠቅመውን በቁጥሩ እየጠቀስኩ እተርካለሁ። የማልስማማበት ቦታ ሲመጣም ዝም ብዬ አላልፈውም።

ቁጥር 1 በባሕር ዳር የሚኖር፣ በጣና ዳርና በዘጌ ጎብኚዎችን ወፍ የሚያሳይ ወጣት ነው። መምህሩን በአክብሮት ሰላምታ ካቀረበላቸው በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ሁለቱን በርሜሎች (ቱቦዎች) የሚያያይዘውን ማጠፊያ ከዓይን ጋር ማስማማት መሆኑን ገለጸ። የአዋቂ ሰው ሁለቱ የዓይን ብሌኖች በመካከላቸው ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ54 እስከ 74 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ፣ ለአንዱ የተስተካከለ ባይኖኩላር ለሌላው አይሆንም። ሁለቱን በርሜሎች መጀመሪያ እስከ ጥግ ከፍቶ፣ ሩቅ ነገር እያዩ ቀስ በቀስ ማጥበብ ነው፤ ሁለቱ ክቦች ገጥመው አንድ ሙሉ ክብ በሚሆኑበት ቦታ ይቆማል። በፊልም ላይ የሚታየው ጎን ለጎን የተጣበቀ ሁለት ክብ የሲኒማ ፈጠራ እንጂ የባይኖኩላር ጠባይ አለመሆኑንም አከለ። ለእንግዶቹ የሚነግራቸው የመጀመሪያ ነገር ይህ እንደሆነና ብዙዎቹ በዚህ ብቻ ሲገረሙ እንዳየ ጻፈ።

ቁጥር 2 አጭርና ጠቃሚ ነው። በዓይን በኩል ያለው ጎማ የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው ወደ ታች ተጠምዝዞ ወይም ተቀልብሶ መግባት አለበት፤ መነጽር ለማያደርግ ደግሞ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጎማው ወጥቶ መነጽር ካደረጉ ዓይን ከሌንሱ እጅግ ይርቃል፣ እይታውም ይጠባል። ጎማው ገብቶ ያለ መነጽር ካዩ ግን ዓይን ከሚገባው በላይ ይቀርባል፤ መምህሩ ያዩት ጥቁር ጥላ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው አለ። ነገሩ ትክክል ቢሆንም ግማሽ መልስ ነው፤ ሌላው ግማሽ በቁጥር 7 ይመጣል።

በቁጥር 3 የገቡት በፍኖተ ሰላም የዓይን ምርመራ ባለሙያ የሆኑ እኅታችን ናቸው። በእኔ ግምት የዚህ ክር ትልቁ ሀብት የእሳቸው መልስ ነው። በመጀመሪያ ቁጥር 1ን አመስግነው፣ ማጠፊያውን አስተካክሎ ሁለቱን ዓይኖች ሳያመጣጥኑ ማቆም ግን ራስ ምታቱን እንደማያስቀር አሳሰቡ። የአብዛኛው ሰው ግራና ቀኝ ዓይን እኩል ስለማያይ፣ በቀኙ የዓይን ሌንስ ዙሪያ የሚዞር ማስተካከያ ቀለበት የተሠራው ለዚህ ነው፤ በአንዳንዱ ዓይነት ቀለበቱ ምስሉን ከሚያጠራው የመሃል ማዞሪያ ጋር ተያይዞ ይገኛል። አሠራሩን እንዲህ ዘረዘሩት፦ ቀለበቱን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ሩቅ ነገር፣ ለምሳሌ የስልክ ማማ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት መምረጥ፣ የቀኙን የፊት ሌንስ በመዳፍ ወይም በክዳኑ መሸፈን፣ ከዚያ በግራ ዓይን እያዩ የመሃሉን ማዞሪያ ምስሉ ጥርት እስኪል ማዞር። ቀጥሎ ሽፋኑን ወደ ግራው ማዛወርና፣ የመሃሉን ማዞሪያ ፈጽሞ ሳይነኩ፣ ያንኑ ነገር በቀኝ ዓይን እያዩ ቀለበቱን ብቻ ማዞር። ከዚያ በኋላ ቀለበቱ አይነካም፤ ቅርብም ሩቅም ሲታይ የሚዞረው የመሃሉ ብቻ ነው።

አብዛኛው መመሪያ አንዱን ዓይን ጨፍን ይላል። እሳቸው ግን ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። አንዱን ዓይን በኃይል የሚጨፍን ሰው የሌላውንም ጡንቻ ስለሚያስጨንቅ፣ በዚያ ሁኔታ የተገኘው ልክ ሁለቱ ዓይኖች ሲከፈቱ ይዛባል። ስለዚህ ሁለቱም ዓይኖች ተከፍተው፣ የሚሸፈነው ሌንሱ ይሁን ነው። ሌላም ነገር አስታወሱ፤ ወጣት ዓይን የተዛባውን ራሱ እያስተካከለ ስለሚያይ ለጊዜው ጥርት ያለ ይመስለዋል፣ ድካሙ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ለዚህም ማስተካከሉን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደግሞ ቀለበቱ በየትኛው ምልክት ላይ እንደሚያርፍ ማየት ይሻላል።

ቁጥር 4 ከደጀን የተጻፈ ነው። ጸሓፊው ከከተማው ጠርዝ ሆኖ የዓባይን በረሃ አሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ሲመለከት ማለዳ የነበረው ጥራት እኩለ ቀን ላይ እንደሚጠፋ፣ ማዞሪያውን ቢያዞር ቢያዞር ምስሉ እንደሚርገበገብ ነገረን። ይህ ከሸለቆው የሚነሣው የሞቀ አየር ሥራ እንጂ የማስተካከል ጉድለት አይደለም፤ ሰዓት ከመምረጥ በቀር መድኃኒት የለውም። ጨዋታው ከጥያቄው ትንሽ የራቀ ቢሆንም፣ ባይኖኩላራቸውን እኩለ ቀን ላይ የሚፈትኑ ሰዎች ዕቃውን ያለ ጥፋቱ እንዳይኮንኑ ይረዳል።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ቁጥር 5 መምህሩን፣ የፊዚክስ ሰው ሆነው እንዴት ሰፊ እይታን ማባበያ ይላሉ በሚል ስለታም አነጋገር ተናገራቸው። የአባታቸው ባለ 10 በ50 የእይታ ስፋቱ 5 ዲግሪ ቢሆን በ1000 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው 87 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ አዲሱ ግን በላዩ 8.2 ዲግሪ እንደ ተጻፈበት መምህሩ ራሳቸው ስለ ገለጹ በዚያው ርቀት 143 ሜትር ያሳያል። በዚያ ላይ 10 ጊዜ የሚያጎላ መሣሪያ የእጅን መንቀጥቀጥም 10 ጊዜ ያጎላል። በመጨረሻም 8ን በ8.2 አባዝቶ 65.6 ዲግሪ የሚል ለዓይን የሚታይ ስፋት (እይታው ከጎላ በኋላ ለዓይን የሚኖረው ስፋት) አገኘና፣ በድሮው ልማድ ከ65 በላይ የሆነው ሁሉ ሰፊ ስለሚባል ነገሩ አለቀ ደቀቀ ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 6 እንዲህ ያለውን መደምደሚያ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ማባዛቱ ግምት ብቻ መሆኑን፣ አይኤስኦ 14132 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚጠቀመው የእይታውን ግማሽ ማዕዘን ታንጀንት በማጉላቱ አባዝቶ መልሶ ወደ ማዕዘን ቀይሮ እጥፍ የሚያደርገውን ስሌት መሆኑን አስረዳ። በዚህ ስሌት ያው ባይኖኩላር 59.7 ዲግሪ ይወጣዋል፤ ሰፊ ለመባል ደግሞ ከ60 በላይ መሆን አለበት። እንግዲህ አንዱ ዕቃ በአንዱ ስሌት ሰፊ፣ በሌላው ለጥቂት ያልሞላ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ተመላለሱ፤ አንዱ ሌላውን ከመጽሐፍ በቀር ተራራ አይቶ የማያውቅ ሲል፣ ሌላው ደግሞ ታንጀንት የሚያስፈራው ሰው ስለ ሌንስ ባይጽፍ ይሻላል አለ። ስሌቱን በተመለከተ ቁጥር 6 ትክክል ነው። ዕቃ ለሚገዛ ሰው የሚጠቅመው ምክር ግን ሁለት ባይኖኩላሮችን ሲያወዳድር ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስሌት የተለኩ መሆናቸውን ማረጋገጡ ብቻ ነው፤ ያንን ለመናገር ያ ሁሉ ዘለፋ አያስፈልግም ነበር።

በቁጥር 7 የመጣው ሰው በሁለቱም ላይ ተቆጣ። ራሱን የሚያመው ሰው ፊት ቆሞ ስለ ታንጀንት መከራከር ምን ይረባል አለና፣ ማንም ያላነሣውን ዋና ምክንያት አወጣ። የፊት ሌንሱን ስፋት በማጉላቱ ስናካፍል ከዓይን በኩል የምትወጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል፤ ለአሮጌው 50 ለ10 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር፣ ለአዲሱ 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊ ሜትር። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ታዲያ አንዱ ተስማምቶ ሌላው የሚያስቸግረው በብርሃኗ ክብ መጠን አይደለም። ልዩነቱ ያለው ዓይን በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። በጠባብ እይታ ውስጥ ዓይን ከመሃል ብዙ አይርቅም፤ ሰፊ እይታ ግን ዳሩን ለማየት ይጋብዛል፣ ዓይንም በጉድጓዱ ውስጥ ዞሮ ወደ ዳር ሲያይ ብሌኑ ከብርሃኗ ክብ ወደ ጎን ይወጣል። ጥቁሩ ጥላ ያን ጊዜ ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ ብሌን ስለሚጠብ ይህ ጥላ ጎልቶ ይታያል፤ ማታ ብሌን ሲሰፋ ያው ሰው በዚያው ባይኖኩላር ምንም ላይሰማው ይችላል።

ስለዚህ የሰፊ እይታ አጠቃቀም የተለየ ነው። ዳሩ የሚጠቅመው እንቅስቃሴ እንዲጠቁም ነው፤ የተንቀሳቀሰው ነገር ሲታይ ዓይንን ወደ ዳር በማንከባለል ፈንታ ከነባይኖኩላሩ ራስን ማዞርና ነገሩን መሃል ላይ ማምጣት ይገባል። የጎማው የላይኛ ጠርዝም በዓይን ጉድጓድ ውስጥ ከመቀበር ይልቅ ከቅንድብ አጥንት በታች ቢደገፍ፣ ዓይን በሚፈለገው ርቀት ላይ ይረጋል፤ ሰፊ እይታ ያላቸው የዓይን ሌንሶች ወፍራም በመሆናቸው የሚያደርሱትን የአፍንጫ ላይ ጫናም ያቃልላል። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም የመምህሩን ግራ መጋባት የፈታው ይህ ሰው ይመስለኛል።

ይኸው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስሉ አሁንም ሁለት ከሆነ፣ ባይኖኩላሩ በመንገድ ወድቆ ወይም ተመትቶ ፕሪዝሙ (ብርሃኑን እያጠፈ የሚያሳልፈው የውስጥ መስታወት) ከቦታው ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባይኖኩላሩን በሚቆምበት ነገር ላይ አጽንቶ የሩቅ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ መስመር ማየትና ዓይንን ከሌንሱ ጥቂት ማራቅ። መስመሩ በግራና በቀኝ ክብ ውስጥ በእኩል ከፍታ ካለፈ ደህና ነው፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ግን ዓይን ያንን ለማገናኘት ሲታገል ይውላልና በማስተካከያ ቀለበት አይድንም፣ ጠጋኝ ያሻዋል።

በቁጥር 8 መምህሩ ተመልሰው ሁሉንም አመሰገኑ፤ ለቁጥር 5 ስድብም አጸፋ አልሰጡም። የጣሪያው ፈተና ደህና ሆኖ ተገኝቷል። ማጠፊያውን ሲያጠቡትና ቀለበቱን ሲያስተካክሉ ሁለቱ ክቦች አንድ ሆነዋል፣ ራስ ምታቱም ቀንሷል፤ የዓይን መነጽራቸውን ሲያደርጉ ግን ጥበቱ አሁንም አለ።

ባለሙያዋ በቁጥር 9 አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ በአባትዎ ባይኖኩላር ያዩ የነበረው መነጽር ከመጀመርዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚል። መልሱ በፊት የሚል ሆነ። የመክፈቻው ንጽጽር በዚሁ ፈረሰ፤ ያኔ የነበረው ዓይን ሌላ፣ የአሁኑ ሌላ ነውና። ከዚያ ምክንያቱን አብራሩ። እያንዳንዱ ባይኖኩላር ሙሉውን እይታ የሚሰጠው ዓይን ከመጨረሻው ሌንስ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። የዓይን መነጽር በመሃል ስለሚገባ፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ይህ ርቀት ቢያንስ 15 ሚሊ ሜትር፣ ቢቻል 17 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። እይታን ማስፋትና ይህን ርቀት ማርዘም አብረው እንዲሄዱ ለማድረግ ትልልቅና ውድ ሌንሶች ስለሚያስፈልጉ፣ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ሰፊ እይታ ያላቸው ባይኖኩላሮች በአብዛኛው ርቀቱን ያሳጥራሉ።

መፍትሔው እንደ ዓይኑ ችግር ይለያያል። የሩቅ ወይም የቅርብ እይታ ችግር ብቻ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ በመሃሉ ማዞሪያ ሊያካክሰው ይችላል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት እኩል ክብ ባለመሆኑ ምስል የሚዛባበት ችግር) ላለበት ግን ማዞሪያው አያግዝም፤ መነጽሩን ሳያወልቅ ለእሱ የሚሆን ዕቃ መፈለግ አለበት። መምህሩ የሩቅ እይታ ችግር ብቻ እንዳለባቸው ስለ ገለጹ፣ መነጽሩን በአንገት ማንጠልጠያ አስረው እንዲያወርዱት ተመከሩ።

ከቁጥር 10 እስከ 14 ያለው አብዛኛው ስለ ዋጋና ስለ ቀረጥ ስለሆነ እዘለዋለሁ። በመካከሉ ግን ከዓባይ በረሃ ጠርዝ የጻፈ የገበሬ ልጅ ጨዋታ አለ። ቤተሰቡ ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ ይጠብቃሉ፤ እሱም ጠባብና ኃይለኛ ባይኖኩላር ይዞ አንዱን ዝንጀሮ እስከ ጥርሱ ድረስ ሲያይ፣ የቀረው መንጋ በሌላ በኩል ገብቶ ማሳውን እንዳወደመበት ነገረን። ስለ ሰፊ እይታ ጥቅም ከተጻፈው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በዚሁ ላይ የባሕር ዳሩ አስጎብኚ በበጋ ወደ ጭምባ ረግረግ የሚወርዱትን ክሬን የተባሉ ረጃጅም ወፎች ጠቅሶ፣ መንጋ በአንድ ጊዜ ሲነሣ የሚከተለው ሰፊ እይታ ብቻ ነው ሲል ደገፈው።

ቁጥር 15 ክሩን ወደ ሌሊት ሰማይ ወሰደው። ጸሓፊው ጮቄ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከዋክብት ለማየት የሚጠቀመው 2 ጊዜ ያህል ብቻ የሚያጎላ፣ እይታው ግን ከ20 ዲግሪ የሚበልጥ ልዩ ባይኖኩላር ነው። ይህ ጋሊሌዮ በ1609 እ.ኤ.አ. ሰማይን ባየበት የሌንስ አሠራር የተሠራ ነውና ከላይ የተባለው ሁሉ አይሠራለትም። የብርሃኑ ክብ ከሌንሱ ውጭ አይወጣም፤ ስለዚህ ዓይን ሽፋሽፍት ሌንሱን እስኪነካ ድረስ መቅረብ አለበት፣ በራቀ ቁጥር እይታው ይጠባል። በብዙዎቹ ላይ ግራና ቀኙም ለየብቻ ስለሚስተካከል የመሃል ማዞሪያ የለውም። የዓይን መነጽር ለሚያደርግ ሰው አይመከርም። ቁጥር 16 ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚያጎላ ነገር ገንዘብ ማውጣት ሞኝነት ነው ብሎ አፌዘ፤ ቁጥር 15 ግን ኦሪዮን የተባለውን የከዋክብት ስብስብ ከነሙሉ አካሉ በአንድ እይታ ለማየት ሌላ ዘዴ ካለው እንዲያሳየው ጠይቆት መልስ አላገኘም። መምህሩም የእሳቸው 8.2 ዲግሪ የደቡብ መስቀልን አራት ከዋክብት በአንድ ላይ እንደሚይዝ አስታወሱ፤ ቁመቱ 6 ዲግሪ ያህል ነውና።

ቁጥር 17 ስለ አንገት ነው። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የኦሪዮን መቀነት ሲያልፍ ከአናት በላይ ሊሆን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ይቀረዋል፤ ቆሞ ያንን የሚያይ ሰው አንገቱ ከዓይኑ ቀድሞ ይደክማል። ጸሓፊው መደብ ወይም ሰሌን ላይ በጀርባ መተኛትን፣ ጋቢን ጠቅልሎ ከክርኖች ሥር ማድረግን መከረ። ቀን ወደ አድማስ ሲታይ ደግሞ ክርንን ከጎድን ማስጠጋት፣ ወይም ዱላን ከፊት ተክሎ ሁለት እጅን በጫፉ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። የጎጃም ሰው ዱላ ይዞ ስለሚሄድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ መሸከም አያስፈልገውም ብሎ ያከለውን ቀልድ ብዙዎች ወደዱለት። ጮቄ ላይ በብርድ ሌሊት በአፍ መተንፈስ ሌንሱን በጉም እንደሚሸፍነው ያስታወሰውም እሱ ነው።

ቁጥር 18 የዋህ ነው፤ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የነበረውን የፀሐይ ግርዶሽ አንሥቶ፣ ለወደፊቱ ጥቁር የፀሐይ መነጽር አድርጎ በባይኖኩላር ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። በክሩ ውስጥ በጨዋነታቸው የታወቁት ባለሙያዋ የተቆጡት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ባይኖኩላር የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ዓይን ስለሚያስገባ ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ክፍል) በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ከዓይን በኩል የሚደረግ ጥቁር መነጽርም ሆነ ለባዶ ዓይን የተሠራ የግርዶሽ መነጽር አያድንም። መከላከያው ለዚሁ የተሠራ ሆኖ በሁለቱም የፊት ሌንሶች ላይ ካልታሰረ ወደ ፀሐይ ማዞር የለም፤ ለተማሪ ደግሞ ከነአካቴው አይሰጥም አሉ።

በዚህ ላይ መምህሩ የመጨረሻ ጥያቄያቸውን አመጡ። ባይኖኩላሩን እንደማይሸጡት ወስነዋል፤ ችግራቸው አንዱ ዕቃ በሠላሳ ተማሪ እጅ ሲዞር ሁሉም የየራሱን ልክ እያበላሸ መስጠቱ ነው። ባለሙያዋ በቁጥር 20 የሰጡት መልስ ክሩን ዘግቶታል። ከጉዞው በፊት በትምህርት ቤቱ ግቢ እያንዳንዱ ተማሪ በተራው ያስተካክል፤ በማጠፊያው ላይ ያለውን የሚሊ ሜትር ቁጥርና ቀለበቱ ያረፈበትን ምልክት በስሙ አንጻር ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ተራራው ላይ ተራው ሲደርስ ሁለቱን ወደ ቁጥሩ መልሶ፣ የመሃሉን ማዞሪያ ብቻ እየነካ ያያል። የማጠፊያ ቁጥር በሌለው ባይኖኩላር ላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በስክሪፕቶ መሰመር ይቻላል።